ምክንያቱ ይጻፍ

አበቡ ስልኩን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ፊቷ በራ።

«እንዳልሽው አድርገነዋል» አለች። «ይኸው፣ ቀርጸነዋል። ሰባት ደቂቃ ሙሉ ነው።»

ዳግማዊት ሴትዮዋን አይታት አታውቅም። አበቡ ግን ዳግማዊትን በደንብ ታውቃታለች። ከወገራ ደጋ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ በእግር ሦስት ሰዓት ከሚያስኬደው ከጅብራ ሜዳ ድረስ የመጣችው በስልክ የምታያትን ልጅ ፍለጋ ነው። ጎንደር ከገባች ጀምሮ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ያገኘችውን ሰው ሁሉ «ማክሰኞ ማክሰኞ ስለ ሕግ የምትናገረዋ ልጅ ቢሮዋ የት ነው?» እያለች ስትጠይቅ አርፍዳ፣ በመጨረሻ አንድ የፎቶ ኮፒ ቤት ሠራተኛ እስከ ደጃፉ አድርሷት ሄደ።

ዳግማዊት በጠበቃው በአቶ ሐብተ ማርያም ቢሮ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ጠበቃ አይደለችም። አቤቱታ ትጽፋለች፣ መዝገብ ታስከፍታለች፣ ቀጠሮ ትከታተላለች፣ አቶ ሐብተ ማርያም የጠፋባቸውን መነጽር ትፈልጋለች። ቢሮው ውስጥ ኮምፒውተር የሚነካ ሰው እሷ ብቻ ናት። አዲስ የወጣ ነገር ሁሉ ያጓጓታል፤ የድሮውን መዝገብ በሙሉ በስልኳ ፎቶ አንስታ በዓመት በዓመት ከፍላ ያስቀመጠችው ማንም ሳይጠይቃት ነው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከፒያሳ ተነስታ ጎሃ ተራራን ሮጣ ትወጣለች። እጇ ላይ ያሰረችው ሰዓት እርምጃዋን ይቆጥራል፣ የልቧን ምት ይለካል። ላብ በላብ ሆና ተራራው አናት ላይ ቆማ፣ ከተማውን ከኋላዋ አድርጋ የሕግ ምክር ትቀርጻለች። ማክሰኞ ትለቀዋለች። ዳታ በሚጠፋበት ሰሞን አከማችታ ትቆይና ሲመለስ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ትለቃቸዋለች።

ከእነዚያ ሁሉ ቪዲዮዎች ሰው የተቀባበለው አንዱን ነው። «ስልካችሁ ምስክራችሁ ነው» ይላል። «የተባባላችሁትን ሁሉ ቅረጹ። በኋላ አላልሁም የሚል እንዳይኖር።» ያን ስትናገር በሐሳቧ የነበሩት አከራይና ተከራይ ናቸው። አርባ ሺህ ሰው አየው።

አበቡ ቪዲዮውን ከፈተችላት። አንዲት አሮጊት መደብ ላይ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ድምፃቸው ደከም ያለ ቢሆንም ቃላቸው አይደናቀፍም።

«እኔ ሽታዬ ነኝ። ቤቴም፣ ባሕር ዛፌም፣ ያለኝ ሁሉ ለወንድሜ ልጅ ለአበቡ ይሁን። ዘጠኝ ዓመት አጥባ አብልታ ይዛኛለች። ልጄ በላቸው ዐሥራ አንድ ዓመት ደጄን አልረገጠም። አባቱ ሲቀበር አልመጣም። አባቱንም…» እዚህ ላይ አሮጊቷ ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ። «አባቱን መትቶታል። በቡጢ ጥርሱን አውልቆታል። ባሌ በቅሎ ረገጠችኝ ብሎ ነው ለሰው ሁሉ የተናገረው፤ እንዲያው እንዳለም ሞተ። እኔ ግን እዚያው ነበርሁ።»

ቪዲዮው ሲያልቅ ዳግማዊት ስልኩን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ሲቀረጽ ስንት ሰው ነበር?» አለች።

«እኔና እሷ ነና።»

«የተጻፈ ወረቀትስ?»

«ወረቀት ምን ያደርጋል?» አበቡ ሳቀች። «ስልካችሁ ምስክራችሁ ነው ብለሽ የለ? እኔማ ደስ ብሎኝ! መጻፍ አንችል፣ ማንበብ አንችል፣ ሸጋ ነገር መጣልን አልሁ።»

ዳግማዊት የምትገባበት ጠፋት። ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ «ቆይ፣ እትዬ አበቡ፣ አንዴ ልምጣ» ብላ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች።

አቶ ሐብተ ማርያም ነገሩን ሰምተው እስኪጨርሱ እስክሪብቷቸውን ከእጃቸው አላስቀመጡም።

«ስልክ ይናዘዛል ያልሻቸው አንቺ ነሽ?»

«እንደሱ አላልኩም!»

«እነሱ የሰሙት እንደሱ ነው።» እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው መነጽራቸውን አወለቁ። «ኑዛዜ በወረቀት ነው። ተጽፎ፣ ቀን ገብቶበት፣ በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ፣ ተናዛዧም ምስክሮቹም እዚያው ሲፈርሙበት። ሴትዮዋ ዛሬ ቢሞቱ ያ ቪዲዮ ባዶ ነው፤ ልጁ ሁሉንም ይወስዳል። ደግሞ ልጅን ከውርስ መንቀል ከተፈለገ ምክንያቱ ይጻፍ። ምክንያቱ ያልተጻፈ እንደሆነ ልጁ በአንድ ገጽ አቤቱታ ይጥለዋል። ወደዚህ ይምጡና እናጽፍላቸው።»

«እግራቸው አይሄድም። ከተኙ ዓመት አልፏቸዋል አለች።»

«እንግዲህ» አሉና እስክሪብቷቸውን አነሱ። ይህ «እንግዲህ» የሚሉት ቃል ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያንገበግባት ኖሯል። የአንድ ነገር መጨረሻ ማለት ነው።

«እኔ እሄዳለሁ» አለች ዳግማዊት።

«መንገዱን አስበሽዋል?»

«ሰው እየሄደበት አይደል?»

አቶ ሐብተ ማርያም ቀና ብለው አዩዋት። እንቢ ሊሉ ፈልገው ነበር፤ ግን ፊቷን ሲያዩ ተዉት። «ራስሽ ጻፊው። የጻፍሽው አንቺ መሆንሽንም ከታች አስገቢ። ወራሿን ምስክር እንዳታደርጊያት። ቃላቸውንም እንዳትቀይሪ፤ የሚሉትን ነው የምትጽፊው።»

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ዳግማዊት ቢሮ ውስጥ እንደተቀመጠች ማስተካከያ ቀረጸች። ስልክ ለምን እንደሚጠቅም፣ ለኑዛዜ ግን ለምን እንደማይሆን በቀስታ፣ በገጠር ሰው አማርኛ አስረዳች። ጎሃ ላይ ከቀረጸችው ሁሉ የተሻለ ነበር። በሦስተኛው ቀን ስታየው ያየው ሰው ስድስት መቶ ዐሥራ ሁለት ነው። አርባ ሺው ደግሞ አርባ አንድ ሺህ ሆኖ ነበር። አሮጌውን አጠፋችው፤ ሌሎች ሰዎች አውርደው በራሳቸው ስም መልሰው ለጥፈውታል። አንዱማ ዘፈን አስገብቶበታል።

ታኅሣሥ ሃያ አንድ ቀን ማለዳ ዳግማዊትና አበቡ በሚኒባስ አምባ ጊዮርጊስ ደረሱ። ቀኑን የመረጠችው አበቡ ናት። የማርያም ዕለት ስለሆነ የመንደሩ ሰው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቱ ይውላል፤ በሌላ ቀን ግን ገብስ አጨዳ ላይ ነውና ምስክር አይገኝም አለች።

ዳግማዊት ለዚህ መንገድ ተዘጋጅታለች። የሩጫ ጫማዋን አድርጋለች፣ ውኃ ይዛለች፣ ስልኳንና ትርፍ ባትሪዋን ሞልታለች። ዐሥራ ሦስት ኪሎ ሜትር ለእሷ ምንም አይደለም ብላ ነበር። የመጀመሪያውን አቀበት ጀምረው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላቸው ሰዓቷ እጇ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ የልቧ ምት ከልክ በላይ ሆኗል እያለ ነው። አየሩ ስስ ነው። ሳንባዋ እየተከፈተ የሚገባ ነገር የለም። ጎንደር አስፋልት ላይ እንዲያ የሚያነጥራት ጫማዋ፣ ጤዛ ያረጠበው ሣር ላይ ሲሆን እንደ ሳሙና አዳለጣት። አበቡ የዳግማዊትን ቦርሳ ጭምር በጀርባዋ አዝላ፣ በኮንጎ ጫማ፣ ፊት ፊት ትሄዳለች፤ ትንፋሿ እንኳ አይሰማም።

«ምነው?» አለች ዞር ብላ። «ትሮጪ የለም እንዴ? በስልክ ሳይሽ እኮ ሚዳቋ ነው የምትመስይ።»

«እሮጣለሁ» አለች ዳግማዊት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ። ሌላ ቃል ለመጨመር ትንፋሽ አላገኘችም። ተናደደች፤ በአበቡ ሳይሆን በራሷ፣ በሰዓቱ፣ አራት ዓመት ሙሉ ጎሃ ላይ ባፈሰሰችው ላብ ተናደደች። ሰዓቱን ፈትታ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

አበቡ እስክታርፍ ቆማ ጠበቀቻት። ከዚያ በኋላ ቀስ እያሉ ሲሄዱ ስለ በላቸው ነገረቻት። መተማ መስመር ላይ መኪና ይነዳል። ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት ይባላል። በዓመት አንዴ ደውሎ «እናቴ ደኅና ናት?» ይልና፣ «ላገናኝህ?» ስትለው ይዘጋዋል።

«ቤቱን ይሸጠዋል» አለች አበቡ። «ይህን አውቃለሁ። ባሌ ሲሞት የነበረኝን ትቼ ነው እሷ ዘንድ የገባሁ። እሷ ካለፈች በኋላ መግቢያ የለኝም።»

እማማ ሽታዬ በቪዲዮው ላይ ከታዩት በላይ ቀጥነዋል፤ ዓይናቸው ግን ንቁ ነው። ዳግማዊት ዝቅ ብላ እጅ ስትነሳ ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው አዩዋት።

«አንቺ ነሽ የስልኳ? ከስልኩ ይልቅ ከስተሻል። ምግብ አትበይም?»

አበቡ ለፍልሰታም ለነቢያትም ጾም ከምታስቀምጠው ሱፍ ፍትፍት ሠርታ አቀረበች። ከበሉ በኋላ ዳግማዊት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነገሩን አስረዳቻቸው። ጥፋቱ የእሷ መሆኑንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

«እንደገና ልናገር ነው የምትይኝ?» አሉ እማማ ሽታዬ።

«አዎ። በአራት ሰው ፊት።»

«የቱን?»

«ሁሉንም እማማ። ያን ዕለት ለአበቡ የተናገሩትን።»

«የበላቸውንም?»

«እሱ ነው ዋናው። ምክንያቱ ካልተጻፈ ኑዛዜው አይቆምም።»

እማማ ሽታዬ የጋቢያቸውን ጥለት በጣታቸው እየዳሰሱ ዝም አሉ። ዳግማዊት ይህን ዝምታ አላየችውም። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ «ተናዛዥ»፣ «ወራሽ»፣ «ምስክሮች» እያለች ርዕሱን ታስተካክል ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ነገሩን ስታስበው፣ ሁልጊዜ እየተመለሰች የምትናደደው በዚህች ደቂቃ ነው።

ምስክሮቹ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላቸውን እንዳጣፉ መጡ። የእማማ ሽታዬ የንስሐ አባት ቄስ እንግዳው፣ ጎረቤታቸው አያ መልካሙ፣ ሸዋገነት የምትባል የቀበሌውን ሴቶች የምታስተባብር ሴት፣ አራተኛው ደግሞ አያ ሰጠኝ ናቸው። አያ ሰጠኝ የሟች ባላቸው ታናሽ ወንድም፣ የበላቸው አጎት ናቸው።

ዳግማዊት አበቡን ወደ ደጅ ጠራቻት። «ሌላ ሰው አይገኝም? የአጎቱ መኖር…»

«ከየት ይመጣል?» አለች አበቡ። «መንደሩ ሁሉ የባሏ ዘመድ ነው። እኔና እሷ ብቻ ነን ባዳ።»

አበቡ እማድቤት ቀረች። ዳግማዊት ገብታ ተቀመጠች። ቄስ እንግዳው አጭር ጸሎት አደረሱ። ከዚያ ዳግማዊት፣ እማማ ሽታዬ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ በሙሉ አእምሯቸው ቃላቸውን እንደሚሰጡ ጻፈችና «እማማ፣ ይናገሩ» አለች።

«ቤቴና ባሕር ዛፌ…» አሉ። አቆሙ። «ለወንድሜ ልጅ ለአበቡ እንዲሆን አስቤ ነበር።»

አያ ሰጠኝ ቀና አሉ። አያ መልካሙ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«ልጅዎ በላቸውስ?» አለች ዳግማዊት። «ከውርስ የሚነቅሉት ከሆነ ምክንያቱን ይንገሩን።»

ደጅ ዶሮ ስትጭር ይሰማል።

«ምነው?» አሉ አያ ሰጠኝ፤ ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፣ እንዲያውም ለስላሳ ነው። «በላቸው ምን አደረገ? ርቆ ሄደ እንጂ። እንጀራ ፍለጋ የሄደው እሱ ብቻ ነው? ተናገሪ እንጂ ሽታዬ። ያደረገው ነገር ካለ እኛም እንስማው። ወንድሜ ልጁን ሲያማ ሰምቼው አላውቅም።»

እማማ ሽታዬ አያ ሰጠኝን አዩ። ቄሱን አዩ። ሸዋገነትን አዩ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ምድጃው መለሱ።

«ምንም አላደረገም» አሉ።

«እማማ…» አለች ዳግማዊት።

«ምንም አላደረገም። ሁሉም ለልጄ ለበላቸው ይሁን።»

«እማማ፣ ብቻችንን እንነጋገር። እስቲ አንዴ ሁላችሁም…»

«ቃሏን እንድንሰማ ጠርታችሁን ስታበቁ ውጡ ትይናለሽ?» አሉ አያ ሰጠኝ። «የእሷን ቃል ነው የምትጽፊ ወይስ የራስሽን?»

ዳግማዊት ቄሱን አየቻቸው። ቄስ እንግዳው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባትም። «ለሌላ ቀን እናድርገው» አለች። «ደክሟቸዋል። በሌላ ቀን መጥቼ…»

«ሌላ ቀን የለኝም ልጄ» አሉ እማማ ሽታዬ። «ጻፊው።»

ጻፈችው። እጇ ወረቀቱን ሊቀድደው ደርሶ ነበር። ቤቱም፣ ባሕር ዛፉም፣ ያላቸው ሁሉ ለልጃቸው ለበላቸው። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ቆንጆ ጽሕፈት ጽፋ አታውቅም፤ ንዴቷ ጣቶቿ ላይ ወርዶ ፊደሉን ያስተካክለው ይመስል።

«አበቡስ?» አለች ስትጨርስ።

እማማ ሽታዬ ወደ እማድቤቱ በኩል አዩ። «አበቡ እማድቤቱ ውስጥ ትኑር።»

«እስከ መቼ?»

«እስክትሞት።»

«በላቸው ቤቱን ቢሸጠውስ?»

«ሽታዬ ይህን ሁሉ…» ብለው አያ ሰጠኝ ጀመሩ፤ ዳግማዊት ግን ቀና ብላ እንኳ አላየቻቸውም። «ቢሸጠው ነው የጠየቅሁዎት፣ እማማ። ቢሸጥ፣ ቢለወጥ፣ ለሌላ ሰው ቢሰጥ?»

አሮጊቷ የዚያን ጊዜ ዳግማዊትን ትክ ብለው አዩዋት። «ቢሸጥም ቢለወጥም» አሉ ቃል በቃል፣ «ከዚያ የሚያስወጣት አይኑር።»

ይህንንም ጻፈችው። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበች። ቄሱና ሸዋገነት ፈረሙ። አያ መልካሙና አያ ሰጠኝ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ፤ እማማ ሽታዬም አተሙ። ከታች «የጻፈችው ዳግማዊት» ይላል። ቀኑ አለ፣ አራቱ ምስክሮች አሉ፣ በፊታቸው መነበቡ ተጽፏል። ስድስት ዓመት ስትሠራ ካየቻቸው ኑዛዜዎች ሁሉ ማንም የማይነቀንቀው ይህ ነው።

ምስክሮቹ ሲሄዱ አልጋው አጠገብ ተንበረከከች።

«ለምን እማማ? ለምን?»

«ስልኩ ላይ እኮ ከአበቡ ጋር ብቻችንን ነበርን» አሉ እማማ ሽታዬ። «አሁን በአጎቱ ፊት፣ ልጄ አባቱን መታ ብዬ ልናገር? እንዲጻፍ? ባሌ ይህን ደብቆ ሞቶ እኔ ላውጣው? ነገ የሚቀብሩኝ እኮ እነሱ ናቸው።»

«አበቡስ? ዘጠኝ ዓመት…»

«አውቃለሁ።»

«መቀየር ይችላሉ። በማንኛውም ቀን። ሌላ ምስክር ከጎንደር ይዤ እመጣለሁ፤ የሚያውቅዎት ሰው አይኖርም። የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ካለ ደግሞ ሁለት ምስክር ይበቃል፤ እኔ አመጣለሁ፣ እኔ…»

እማማ ሽታዬ እጇን ያዙ። «የተነበበ ነገር ይሰማል፣ ልጄ። ከየትም ብታመጫቸው ይሰማል። ተይው። አሁን ልተኛ።»

ዳግማዊት ወደ ደጅ ወጣች። አበቡ እማድቤቱ በር ላይ ቆማ ገብስ ታበጥራለች። ግድግዳው ስስ ነውና ሁሉንም ሰምታለች።

«እትዬ አበቡ፣ እኔ…»

«ምነው ባልመጣሽ» አለች አበቡ ቀና ሳትል። «ሳትመጪ የምትወደኝ አክስት ነበረችኝ።»

ዳግማዊት የምትመልሰው ነበራት። ባልመጣ ኖሮ ሕጉ ሁሉንም ለበላቸው ይሰጠው ነበር፤ አሁን ቢያንስ እማድቤቱ የማይነጠቅ መብትሽ ነው ልትላት ትችል ነበር። እውነት ነው። ማክሰኞ ቀን ብትናገረው ሰው ሁሉ የሚቀባበለው ዓይነት እውነት ነው። ግን የዘጠኝ ዓመት ድካም ለጭስ ቤት ተለወጠ ብሎ ለሰው እንደ ምሥራች መንገር አልሆነላትም። ጎንበስ ብላ ከአበቡ ጎን የፈሰሰውን ገብስ ትለቅም ጀመር። አበቡ «እሱን ተይው፣ አፈር አለበት» አለቻት።

በነጋታው ጠዋት አበቡ እስከ ቁልቁለቱ ድረስ ሸኘቻት። እማማ ሽታዬ ሲነሱ ገንፎ ይፈልጋሉ ብላ ቶሎ ተመለሰች።

ጎንደር ስትገባ አቶ ሐብተ ማርያም ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ሸጋ ሠርተሻል» አሉ። «እንከን የለውም።» ዳግማዊት በሩን ከልክ በላይ አስጩኻ ዘግታ ወጣች። ለሦስት ሳምንት ማክሰኞ ምንም አልለቀቀችም። ሰዎች «ምነው ጠፋሽ?» እያሉ ጻፉላት።

እማማ ሽታዬ በየካቲት መጨረሻ ዐረፉ። አበቡ ደውላ ነገረቻት። ድምፅዋ ደርቋል። «በላቸው መጥቶ ነበር» አለች፤ «በሰባተኛው ቀን ደረሰ። መቃብሩ ላይ አለቀሰ።» ከዚያ ኔትወርኩ ተቋረጠ።

በመጋቢት አጋማሽ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ አምሳ የተጠጋው፣ የመኪና ዘይት ጥፍሩ ሥር የጠቆረበት ሰው የቢሮውን በር አንኳኳ። ዓይኖቹን እንዳየች ማን እንደሆነ አወቀች።

«ዳግማዊት የምትባዪው አንቺ ነሽ?» አለ። ወረቀቱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሳይዘረጋው ያዘው። «እዚህ ላይ የጻፈችው ይላል። የእናቴን ኑዛዜ።»

«እኔ ነኝ። ይቀመጡ።»

አልተቀመጠም። «እንግዲህ አልደብቅሽም፣ አልጠበቅሁትም» አለ። «አንድ ጨርቅ አታወርሰኝም ብዬ ነበር። እኔና አባቴ…» ተወው። «ያን ዕለት አጠገቧ ነበርሽ አይደል? ስለ እኔ ምን አለች?»

የዳግማዊት ስልክ ጠረጴዛው ላይ ነው። ቪዲዮውን አበቡ መጀመሪያ ቢሮ የመጣች ዕለት ልካላታለች፤ ከእነዚያ በዓመት ከተደረደሩት መዝገቦች መሀል አለ። ሰባት ደቂቃ ነው። ጣቷ ወደ ስልኩ ሄደ። የአበቡ ዘጠኝ ዓመት፣ አቀበቱ፣ የአያ ሰጠኝ ለስላሳ ድምፅ፣ ሁሉም መጣባት። ሰውየው ግን እንደ ተማሪ ቆሞ አፏን ያያል።

«ምንም አላደረገም አሉ» አለችው።

በላቸው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። በእጁ ጀርባ ዓይኑን አበሰ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና ወረቀቱን ዘረጋው።

«አንድ የምጠይቅሽ ነገር አለ። ቤቱን የሚገዛ ሰው አግኝቻለሁ፤ ነገር ግን ሴት ያለችበት እማድቤት አልፈልግም አለኝ። አበቡን ማስወጣት ይቻላል?»

«አይቻልም።»

«በስምምነት…»

«እሷ ካልፈለገች አይቻልም። እስክትሞት ይላል። ቢሸጥም ቢለወጥም ይላል።»

«ይህን ማን ነው የጨመረው?»

«ማንም አልጨመረውም። እኔ ጠየቅሁ፣ እናትዎ መለሱ።»

በላቸው መስመሩን በጣቱ እየተከተለ አነበበው፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እንደገና አነበበው። ሲያጥፈው ፊቱ ላይ ንዴት ይሁን እፍረት ለይታ ማወቅ አልቻለችም።

«አበቡ ደግሞ…» አለችው ሳታስበው፣ «ዘጠኝ ዓመት ይዛቸዋለች። እናትዎን።»

«አውቃለሁ» አለ በላቸው። ልክ እናቱ ቃሉን ባሉበት ድምፅ ነው ያለው። አመስግኖ ወጣ።

ዳግማዊት ተነስታ በሩ ድረስ ሄደች። ግቢው ውስጥ አብሮት የመጣ አንድ ሰው ይጠብቀው ነበር። በላቸው ወረቀቱን መልሶ ዘርግቶ ያሳየዋል፤ «ለልጃቸው ለበላቸው» የሚለው ቦታ ላይ ጣቱን አድርጎ የሆነ ነገር ይነግረዋል። ተከትላው ልትወርድ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አደረገች። ምን ልትለው እንደሆነ አታውቅም። አቶ ሐብተ ማርያም ከውስጥ ክፍል ሆነው፣ ለአምስት ሰዓት ቀጠሮ የሚሄደው መዝገብ የት እንደገባ እየጠየቁ ሁለተኛ ጊዜ ተጣሩ።